የይርገዱ ወፍጮና የቢሻው ኮምፒዩተር

ቢሻው ክንዱ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ነው። ጉቦ አይበላም፣ ሰው አያማም፣ ከሥራ አያረፍድም። ክፉ አመሉ አንድ ብቻ ናት፤ ምንም ነገር ቶሎ አይገዛም። በመሥሪያ ቤቱ እስክሪብቶ እንኳ የሚገዛው መስፈርት ተጽፎ፣ ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ነው። ደንቡ ነውና ለመሥሪያ ቤት እሺ ይሁን። ቢሻው ግን ማታ ቢሮውን ሲቆልፍ ደንቡን እዚያው ትቶት አይመጣም፤ እንደ ኮቱ ለብሶት ሳሙና በር ሰፈር ካለው ቤቱ ይዞት ይገባል።

አንድ ሰሞን ሰፈሩ ውሃ ጠፋበትና ጎረቤቱ ሁሉ ተሯሩጦ የውሃ ታንከር ገዛ። ቢሻው የፕላስቲኩን ውፍረት ሲያወዳድር፣ የክዳኑን ጥራት ሲያስጠና ክረምቱ ገባ። እሱም ግምገማውን ሳይጨርስ ዝናቡን በባልዲ ተቀበለ። በዚህ ነገር ሰፈሩ ሲስቅበት ምንም አልመሰለውም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል፣ ጣቱን ቀስሮ። ሚስቱ ትርንጎ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ በአመሉ ሰዎች ሲያዝኑላት፣ «እኔን ግን በቀጥታ ግዥ ነው የወሰደኝ። ያን ጊዜ ገና አልተቀጠረም ነበር» ትላቸዋለች።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን ለሙዚቃ ቀረጻ የሚሆን ኮምፒዩተር ለመግዛት የተነሣው።

ነገሩ የመጣው ካደገበት ከተማ ከትክል ድንጋይ ነው። የቢሻው እናት ማስተዋል የሞተችው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ነበር። ፎቶ የላትም። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ፎቶ የሚነሣው መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ነበር፤ ማስተዋል ደግሞ መታወቂያ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሳይገጥማት ዓለምን ተሰናበተች። ልጇን ያሳደገችው ታላቅ እህቷ ይርገዱ ናት። ይርገዱ ወልዳ አልሳመችምና ቢሻውን እንደ ልጇ አየችው፤ እሱም እስከ ዛሬ «እታለም» ይላታል።

ይርገዱ በአገሩ የታወቀችው በእንጉርጉሮዋ ነው። ከተማው የሞተር ወፍጮ ካገባ ስንት ዘመኑ፤ እሷ ግን የበዓል እህሏን ዛሬም ከደጅ አታስፈጭም። ወፍጮዋ ላይ ጎንበስ ብላ መጁን መግፋት ስትጀምር ድምፅዋ አብሮ ይነሣል። ከሁሉ በፊት የምታነሣው ደግሞ የሟች እህቷን ነገር ነው። መልኳን፣ አረማመዷን፣ ሣቋን እየለየች በግጥም ትደረድረዋለች። ቢሻው ስለ እናቱ መልክ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ከዚያ ወፍጮ ሥር ተቀምጦ በልጅነቱ የሰማውን ነው። ያም ቢሆን ከከተማ ኑሮና ከቃለ ጉባኤ ብዛት የተነሣ ከመጀመሪያዋ ስንኝ በቀር ከራሱ ወጥቷል። «እስቲ እታለም፣ ቀሪውን በቃልሽ ንገሪኝ» ብሏት ያውቃል። «እጄ ካልገፋ አፌ አይከፈትም» አለችው። ነገሩም እንዲያው ነበር፤ ያለ ወፍጮው አንድ ስንኝ አይመጣላትም።

መስቀል በዋለ ሰሞን ይርገዱ ስልክ ደወለች።

«ልጄ፣ እንግዲህ ዕድሜዬም ሄደ» አለችው። «ከፋሲካ ወዲያ ቆብ ልደፋ ነው። ነፍስ አባቴም ፈቅደውልኛል። ከዚያ በኋላ እንጉርጉሮ ብሎ ነገር የለም። መስማት ከሻህ እስከዚያው ና።»

በዚያ አገር አሮጊት መመንኮሷ እንግዳ ነገር አይደለም። ለምትመነኩሰው ሴት በቁሟ የሙታን ጸሎት ይደረስላታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚህ ዓለም ሞታለች ማለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አያንጎራጉርም። ቢሻው ይህን ያውቃል። ስልኩን ዘጋና ከቢሮው ጓሮ ሄዶ አለቀሰ። እናቱ ሁለተኛ ልትሞትበት መሆኑ ነው የተሰማው። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰና አንድ ቁርጥ ውሳኔ ወሰነ፤ የይርገዱ እንጉርጉሮ ይቀረጻል፤ የሚቀረጸውም በጥራት ነው።

ማታ ለትርንጎ ነገራት።

«መልካም» አለች ትርንጎ። «ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም። እንሂድና በስልኬ ልቅዳት።»

በዛገ መርፌ ሰው እንውጋ ያለችው ይመስል ዓይኑን አፍጥጦ አያት። «የእናቴን መልክ በስልክ? ትርንጎ፣ ይህ እኮ የሠርግ ሁካታ አይደለም። አንድ ጊዜ የሚቀዳ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው። መጀመሪያ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል።»

«እሺ፣ ግዛ።»

«ይጠናል» አለ ቢሻው።

መጠናትስ ተጠና። ቢሻው ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ ተተከለ። ከመንፈቅ በፊት ማይክና ማንኪያ የማይለይ ሰው ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ራም፣ ስለ ሃርድ ዲስክ ፍጥነት ለሚስቱ እራት ላይ ማስረዳት ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሁለት ነገሮች ሰላም ነሡት። አንደኛው የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ነው፤ ሽውታው ማይኩ ውስጥ ገብቶ ድምፁን ያበላሻል ተባለ። ሁለተኛው መዘግየት ነው። ኮምፒዩተሩ ድምፅ ተቀብሎ እስኪመልስ ድረስ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች ጊዜ ትባክናለች፤ ዝቅተኛ ኮምፒዩተር ከሆነ ይህች ጊዜ ትረዝማለች። «መዘግየት ሥራውን ሁሉ ገደል ይከተዋል!» ይላል ቢሻው፣ ጠረጴዛ እየመታ። ይህን ሲል መስቀል አልፎ ኅዳር ታጥኖ ነበር።

ኮሚቴም ተቋቋመ። ፒያሳ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራው እስጢፋኖስ በባለሙያነት ገባ። የኮምፒዩተር መደብር ያላት ነጃት በአማካሪነት ገባች። ጡረታ የወጡት ሹፌር አያ አወቀ ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር ምንም ባያውቁም ገቡ፤ ኮሚቴ ያለ ሽማግሌ አያምርም። ስብሰባው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቢሻው ሳሎን ሆነ። ትርንጎ ቆሎና ሻይ ታቀርባለች፤ ፊቷን ግን አታቀርብም።

«ማክ ካልሆነ አትልፉ» አለ እስጢፋኖስ። «ሌላው ሁሉ መጫወቻ ነው።» እሱ ራሱ ማክ የለውም፤ የሚሠራው ቁልፎቹ በረገፉበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ የሚቀዱት አንዲት ሴት ናቸው ወይስ የፖሊስ ኦርኬስትራ?» አለች ነጃት። «ለአንድ ድምፅ እኮ ያገኙት ላፕቶፕ ይበቃል። እኔ ሱቅ ካለው አንዱን ዛሬውኑ ይውሰዱና ይሞክሩት።»

አንዲት ነጋዴ «ቶሎ ውሰድ» ስትለው ቢሻው በተፈጥሮው ይጠረጥራል። «የአማካሪዋ ሐሳብ ተመዝግቧል» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

አያ አወቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጣሊያን የሠራው የለም ወይ? የጣሊያን ማኪና ነድቼ አውቃለሁ፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሞትም።»

«የሚጮህማ አንፈልግም፣ አያ አወቀ» አለ ቢሻው በትዕግሥት። ስለ ማራገቢያው እንደገና አስረዳ።

ጥምቀት ደረሰ። ከተማው በእንግዳ ተጥለቀለቀ። ይርገዱ ደወለች። «ለበዓሉ ልፈጭ ነው፤ አትመጣም ወይ?»

«እታለም፣ ገና ግምገማ ላይ ነን።»

«ማን ነው የሚገመገመው? እኔ ነኝ?»

«ኧረ አይደለም። ዕቃው ነው።»

«እንግዲያ ለዕቃው ሰላምታ አድርስልኝ» አለችና ሣቀች። ቢሻውም ሣቀ። ጊዜ ያለው መስሎት ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ነገሩ ሊቋጭ ሦስቱም ፕሮፎርማ እጁ ገባ። በዚያው ሳምንት ግን እስጢፋኖስ አዲስ ፕሮሰሰር መውጣቱን ከስልኩ አነበበ። ቢሻው ፊቱ በራ፣ ወዲያውም ጠቆረ። አዲስ ካለ አሮጌ መግዛት የሕዝብ ሀብት ማባከን ነው። ምንም እንኳ ሀብቱ የሕዝብ ሳይሆን የእሱና የትርንጎ ቢሆንም፣ መስፈርቱ እንደገና ተጻፈ፤ ፕሮፎርማውም እንደገና ተጠየቀ። ቅበላ መጣ። ይርገዱ ለቅበላም ፈጨች፤ ደወለችለት፤ እሱ «በሚቀጥለው እሑድ ይወሰናል» አላት። ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም እንጉርጉሮ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ቢሻው ግን ደስ አለው። «ጾሙ ጊዜ ሰጠን» አለ።

በጾሙ አጋማሽ ኮሚቴው ውሳኔ አሳለፈ፤ ሁሉም ፈረሙ። የተመረጠው ዴስክቶፕ ነው፤ ሣጥኑ ትልቅ፣ ማራገቢያው ዝግ ያለ፣ ወደፊትም የሚስፋፋ። ነጃት ክፍሎቹን አሰባስባ ገጣጠመችው። ቢሻው የእንግዳ ክፍሏን ለቀረጻ አዘጋጀ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ የቤቱ ብርድ ልብስና ጋቢ በሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ግድግዳው ሞቆት ባለቤቶቹ በረዳቸው። ከዩቲዩብ እንደተማረው በየማዕዘኑ ቆሞ እጁን ያጨበጭባል፤ ጆሮውን አቅንቶ የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብሎ «እባብ ገባ እንዴ?» እያለ ይጠይቃል።

ሁሉም ተሟልቶ ኮሚቴው ለምርቃት የመጣ ለት አያ አወቀ ክፍሏን ዞረው አዩ። የተሰቀለውን ጋቢ በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ለመሆኑ ይርገዱ የምታንጎራጉረው ምን ላይ ሆና ነው?»

«ወፍጮዋ ላይ» አለ ቢሻው።

«ወፍጮዋስ የት ነው?»

«ትክል ድንጋይ።»

አያ አወቀ ወደ ዴስክቶፑ ዞሩ። ትርንጎ ከበሩ ላይ ሆና ሣቋን በነጠላዋ አፈነች።

እንግዲህ ወፍጮው ወደ ኮምፒዩተሩ ይምጣ ወይስ ኮምፒዩተሩ ወደ ወፍጮው ይሂድ? በዚህ ላይ ብዙ ስብሰባ ተደረገ። ትክል ድንጋይ መብራቱ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል፤ ዴስክቶፕ ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር ነው። ወፍጮውን ማምጣት ይሻላል ተባለና ቢሻው ደወለ።

«ወፍጮዬን ልትነቅል?» አለች ይርገዱ። «ከመደቡ ጋር በጭቃ የተለሰነ ነው እኮ። ጣራውንስ ምነው ተውኸው? ደግሞ ለጎረቤቴ ለፍቅረ ማርያም ቃል ገብቼላታለሁ፤ እኔ ስመነኩስ እሷ ትፈጭበታለች።»

ስለዚህ ላፕቶፕ በተጨማሪ እንዲገዛ ተወሰነ። መስፈርት ተጻፈ። ሦስት ፕሮፎርማ ተጠየቀ። አሸናፊው ዕቃ አዲስ አበባ ነበረና ታዘዘ። ከዚያ መንገዱ የሚዘጋበት ሰሞን ሆነ፤ ላፕቶፑ የሆነ ቦታ ላይ ቆመ። ፋሲካ ደረሰ፣ ተፈሰከ፣ አለፈ። ይርገዱ ቆብ የምትደፋበት ቀን ቁርጡ ታወቀ።

በዋዜማው ቢሻውና ትርንጎ በሚኒባስ ትክል ድንጋይ ሄዱ። ቢሻው ምንም የመቅረጫ ዕቃ አልያዘም፤ አካሄዱ «ለቦታ ቅኝት» ነው። በልቡ ደግሞ ይርገዱን ቀኑን እንድታራዝመው ሊለምናት አስቧል። ከነፍስ አባት ጋር የተቀጠረ ምንኩስና እንደ ጨረታ የሚራዘም መስሎት ነበር።

የይርገዱ ቤት በሴቶች ተሞልቷል። ለማግሥቱ ጸበል ጻድቅ የሚሆን ስንዴ ቀርቦ ይርገዱ የመጨረሻዋን ልትፈጭ ነው። ቢሻው ግን ጥግ ጥጉን እየዞረ እጁን ያጨበጭባል።

«ምነው ቢሻው፣ ዶሮ ገባ?» አለች ፍቅረ ማርያም።

«የክፍሉን ድምፅ እየለካሁ ነው» አለ ቢሻው። ቅር ብሎት ነበር፤ የጭቃው ግድግዳ ድምፅ አያስተጋባም። በከተማ በስንት ጋቢ ያላገኘውን ጸጥታ ይህ ቤት በጭቃው ብቻ አግኝቶታል።

ይርገዱ መቀነቷን አጠበቀች። ወፍጮዋ ላይ ጎንበስ አለች። መጁ ተንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ የድንጋዩ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ወዲያው የእሷ ድምፅ ከሥሩ ወጣ። ትርንጎ ለማንም ሳትናገር ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ቀጥ አድርጋ ያዘች።

«እህቴ ማስተዋል መልከ ሸጋይቱ፣
ፈትሉን ሳትጨርሰው ጨለመባት ቤቱ።»

ቢሻው ትርንጎ አጠገብ ደርሶ ማጨብጨቡን ተወ። ይህችን ስንኝ ያውቃታል። ቀጥላ የምትመጣዋን ነው የረሳው፣ እናቱ በመልኳ የምትታይባትን፤ ዕድሜውን ሙሉ ያጣትን። ይርገዱ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ መጁን ገፋችው፤ «አንገቷ እንደ» ስትል የቢሻው ዓይን ከሚስቱ ስልክ ላይ አረፈ።

እንግዲህ ሰውን አመሉ አይለቀውም። ዕድሜ ልኩን ጥራቱን ያልጠበቀ ዕቃ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው።

«አጥፊው!» ብሎ ጮኸ። «ትርንጎ፣ አጥፊው! በስልክ አይቀዳም! ከስፔስፊኬሽን በታች ነው!»

መጁ ቆመ። ቤቱ ሁሉ ወደ ቢሻው ዞረ።

«ምነው ልጄ?» አለች ይርገዱ፣ ቀና ብላ። ግንባሯ ላይ ዱቄት ነበር።

«እታለም፣ ይቅርታ። ዋናው ዕቃ መንገድ ላይ ነው። ሸጋ አድርገን፣ በጥራት ነው የምንቀዳሽ። ሳምንት ብቻ ታገሽኝ፤ ቆቡን በሳምንት ብታራዝሚው።»

ሴቶቹ ሣቁ። ይርገዱ አልሣቀችም። «ነፍስ አባቴ ነገ ጠዋት ብለውኛል። ደግሞስ ለማን ብዬ ላራዝመው? ሰሚው አንተ ነህ፤ አንተ ይኸው ከፊቴ ቆመሃል። ጆሮ የለህም ወይ?»

«ጆሮ ይረሳል፣ እታለም።»

«ይረሳል» አለች፤ በዚህስ ተስማማች።

ቢሻው ነገሩ ሲገባው ዘግይቶ ደነገጠ። «እሺ ተይው፣ ይቅር ቀረጻው። ዝም ብለሽ ቀጥይ፤ እሰማለሁ።»

ይርገዱ ራሷን ነቀነቀች። «የተቋረጠ እንጉርጉሮ አይቀጠልም። ልቤ ሄደ።» ዱቄቱ ለነገ ያስፈልጋልና ጎንበስ ብላ የቀረውን ስንዴ ፈጨች። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማ ነበር።

በማግሥቱ የሙታን ጸሎት ተነበበላት፤ ቆብ ደፋች፤ ስሟም እማሆይ ወለተሩፋኤል ሆነ። ቢሻው አለቀሰ። ሰው «እንዴት ያለ መንፈሳዊ ልጅ ነው» አለ።

ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይህ ነው። ዕቃው ግን እውነትም ሸጋ ነበር። ማራገቢያው ትንፍሽ አይልም፤ መዘግየትም የለበትም። ቢሻው ማይኩን ሰክቶ የሚቀዳው ነገር ቢያጣ ሳሉን ቀዳ። ከአፉ እንደወጣ አድርጎ መለሰለት። ሳሉ ውስጥ ያለችውን አክታ እንኳ ለይቶ ሰማት። ኮሚቴው ዕቃው በመስፈርቱ መሠረት መቅረቡን አረጋግጦ ተበተነ።

ትርንጎ ብዙ ቀን አየችው። የሚበላውን አይቀምሰውም፤ ተቀምጦ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትጮህ ደግሞ። አጥፊው ስትለኝ ስልኩን አጠፋሁ እንጂ የተቀዳውን አላጠፋሁም።»

ቢሻው አልጮኸም። አፉን ከፍቶ አያት። በቴሌግራም ላከችለት፤ ላፕቶፑ ላይ ከፈተው፤ ትልቁን ኤርፎን ጆሮው ላይ ደፋ። መጁ ሄደ። የይርገዱ ድምፅ ወጣ። እህቴ ማስተዋል አለች፤ ቤቱ ጨለመባት አለች። ትንፋሿን ስትሰበስብ እንኳ ይሰማል። ከዚያ «አንገቷ እንደ»፣ ከዚያ የገዛ ራሱ ድምፅ፤ «አጥፊው!» ከጩኸቱ ሥር ይርገዱ አንዲት ቃል ብላለች። ቃሏ እዚያው ናት፣ ጩኸቱ ተጭኗታል። ቢሻው መለሰው፤ ደግሞ መለሰው። የእናቱ አንገት እንደ ምን እንደሆነ ሊነገረው ሲል ራሱ በራሱ ላይ ይጮህበታል።

ቤቱ ውስጥ ወደነበሩት ሴቶች ደወለ። ፍቅረ ማርያም «እንደ ብርሌ ያለች መሰለኝ» አለችው። ሌላዋ «እንደ ሚዳቋ ነው» ብላ ማለች። ሦስተኛዋ «እንደ ቄጤማ ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንተ ስትጮህ ግን ልቤ ከዳኝ» አለች። ቢሻው ሦስቱን ቃል ከፊቱ አስቀምጦ አያቸው። ዕድሜውን ሙሉ ከሦስት አንዱን ሲመርጥ የኖረ ሰው፣ ከሦስቱ እናቱን መምረጥ አቃተው።

ቅዳሜ ጠብቆ ላፕቶፑን በቦርሳ አንግቶ ትክል ድንጋይ ወጣ። እማሆይ ወለተሩፋኤልን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዛፍ ሥር መቁጠሪያ ይዘው ተቀምጠው አገኛቸው። እጅ ነሣ፣ ጉልበታቸውን ሳመ። ከተወለደ ጀምሮ «አንቺ» ሲላት የኖረችውን ሴት ያን ቀን «እርስዎ» አላት።

«እማሆይ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው። ዘፈን አይደለም። ያን ዕለት አንገቷ እንደ ምን ነበር ያሉት?»

እማሆይ መቁጠሪያውን አቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የማስታወስ ነገር ሳይሆን የማዘን ነበር። «ልጄ፣ ብነግርህ በወደድሁ። ከመጀመሪያዋ ስንኝ ወዲያ ቃሉን እኮ እኔ አላውቀውም። እንዳገፋፌ ነበር የሚመጣልኝ፤ የዛሬው የነገው አይደለም። እሱን እጄና ድንጋዩ ናቸው የሚያውቁት። አሁን ድንጋዩ የፍቅረ ማርያም ነው፣ እጄም የጸሎት ነው።»

«መልኳስ? መልኳን አያስታውሱትም?»

«አስታውሰዋለሁ እንጂ» አሉ። «ቆንጆ ነበረች።» ትንሽ አሰቡ፤ ሌላ ቃል ፈለጉ፤ አልመጣላቸውም። «በጣም ቆንጆ ነበረች» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ቢሻው ወደ ከተማ ተመለሰ። ቤቱም አልገባ፤ ላፕቶፑን ይዞ በቀጥታ ፒያሳ እስጢፋኖስ ጋ ሄደ። በዚህ ጊዜ ኮሚቴም አልጠራ፣ ፕሮፎርማም አልጠየቀ። እስጢፋኖስ ቁልፎቹ የረገፉበትን አሮጌ ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፍቶ አዲሱን በአድናቆት ከፈተው። ኤርፎኑን አድርጎ አዳመጠ፤ ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር እንደ ተራራ ወጣ ወረደ።

«ጫጫታ አለበት» አለ ቢሻው። «እንዲህ ያለ ጫጫታ ማውጣት ይቻላል ሲሉ ዩቲዩብ ላይ ሰምቻለሁ።»

«ይቻላል እኮ። የቱን ጫጫታ ነው የማወጣልዎት? የወፍጮውን?»

«የወፍጮውን አትንካው። የኔን።»

እስጢፋኖስ እንደገና አዳመጠ። አንዱን ቁልፍ ነካ፣ ሌላውን ነካ። ብዙ ሞከረ፤ ቢሻውም ከኋላው ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ኤርፎኑን አወለቀና ፊቱን ወደ ቢሻው አዞረ።

«ጋሼ ቢሻው፣ እሳቸው ከወፍጮው ሥር ናቸው፣ ሩቅ ናቸው። እርስዎ ግን ስልኩ አጠገብ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በጥራት የተቀዳው የእርስዎ ድምፅ ነው።»